አርማው የአሜሪካ፣ መኪናው የእንግሊዝ፤ ተጠያቂውስ የማን?

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ለመሄድ በስልኬ የጠራሁት ታክሲ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ግንባሩ ላይ የተለጠፈው አርማ ሕፃን ልጅ እንኳ ከሩቅ የሚለየው የአውሮፓ ስም ነው። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ በመኪናው እንደሚኮራ ያስታውቃል። ገና ቀበቶዬን ሳላስር «ይሄ እኮ እንደሌሎቹ የቻይና አይደለም፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ መኪና ውስጥ ከመግባቴ በፊት ከፊት መስታወቱ ሥር የምትታየዋን የሻንሲ ቁጥር አያለሁ። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ናት። የዚህኛው መኪና የመጀመሪያዋ ፊደል የላቲኗ «ኤል» ነበረች። ኤል ማለት ቻይና የተሠራ ማለት ነው።

ልንገረው ወይስ ልተወው ብዬ ትንሽ አቅማማሁና ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ አለና «እሺ ይሁን ወንድሜ፣ መኪናው እንደሆነ አላስቸገረኝም። ግን አንድ ቀን ቢበላሽ የማንን በር ነው የማንኳኳው?» አለኝ።

ከመኪናው ከወረድኩ በኋላም ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጥያቄው ደግሞ አዲስ አይደለም። ከኛ በፊት አሜሪካውያንና ካናዳውያን ጠይቀውታል፤ ያውም በቻይና ሳይሆን በእንግሊዝ መኪኖች። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ኩባንያዎች እንግሊዝ አገር የተሠሩ መኪኖችን እያስመጡ የራሳቸውን አርማ እየለጠፉ ይሸጡ ነበር። አንዳንዱ ተሳካ፤ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ደረሰ። አርማና ተጠያቂነት ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሽ መኪና የቸገራት ትልቅ አገር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመኪናን ስም ግን የሚያወጣው ገበያ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚያውቁት ትልቅ መኪና መሥራት ነበር። ነዳጁ ርካሽ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ገዢው ብዙ። ብሪታንያ በበኩሏ ከጦርነቱ የወጣችው በዕዳ ተዘፍቃ ነው፤ ዶላር እንደ ውኃ ይጠማት ነበር። መንግሥቷ እጥረት የነበረበትን ብረት ሲያከፋፍል ምርታቸውን ወደ ውጭ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ያደላ ነበር። ፋብሪካዎቿ ደግሞ ትንሽ መኪናና ትንሽ ሞተር መሥራት ተክነውበታል።

አዲስ መኪና ከባዶ ተነስቶ መሥራት እጅግ ውድ ነገር ነው። ቆርቆሮውን ወደ በርና ወደ ጣሪያ የሚቀይሩት ቅርጽ ማውጫዎች ብቻ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃሉ። ያ ወጪ የሚመለሰው መኪናው በብዛት ሲሸጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትንሽ መኪና ያን ያህል ይሸጥ አይሸጥ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንዳንዶቹ አቋራጭ ፈለጉ፤ ሌላ አገር የተሠራውን ማምጣትና ስምን መለጠፍ። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን መኪና «ምርኮኛ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከውጭ የመጣ፣ ግን በአገሬው ኩባንያ ስም ሥር የገባ ለማለት ነው።

ሐሳቡ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ገዢው የሚያውቀውን ሻጭ፣ በሰፈሩ ያለውን ጋራዥና የለመደውን ስም ያገኛል። ኩባንያው ወጪ ይቆጥባል። ፋብሪካው ሥራ ያገኛል። ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ሲበላሽ ነው።

ናሽ፦ ስሙንም ኃላፊነቱንም የወሰደው

ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ ትልቅ የናሽ ኩባንያ ነው። ናሽ ዛሬ የለም፤ በዘመኑ ግን ከሦስቱ ግዙፎች፣ ከጂኤም፣ ከፎርድና ከክራይስለር፣ ውጪ ቆሞ የሚታገል ኩባንያ ነበር። መሪው ጆርጅ ሜሰን አሜሪካውያን ትንሽ መኪና ይገዛሉ ብሎ ያምን ነበር። በ1950 የአንድ ትንሽ መኪና ናሙና አሠርቶ ለሕዝብ አሳየ፤ ሰዉ ምን እንደሚል ጠየቀ። መልሱ ደህና ነበር፤ ሂሳቡ ግን አሜሪካ ውስጥ ቢሠራ አያዋጣም አለ።

ስለዚህ ናሽ በ1952 ከእንግሊዙ ኦስቲን ጋር ተዋዋለ። ንድፉ የአሜሪካ፣ ሞተሩና ሥራው የእንግሊዝ። አካሉን በርሚንግሃም የሚገኘው ፊሸር ኤንድ ሉድሎው ይሠራል፤ ኦስቲን እዚያው አጠገብ ባለው የሎንግብሪጅ ፋብሪካው ሞተሩን ጨምሮ ይገጣጥመዋል። ምርቱ በ1953 መጨረሻ ተጀመረና በ1954 «ሜትሮፖሊታን» ተብሎ አሜሪካ ገበያ ገባ። በዚያው ዓመት ናሽ ከሀድሰን ኩባንያ ጋር ተዋህዶ አሜሪካን ሞተርስ ሆነ። ያኔ ያችው አንዲት መኪና በናሽ ሻጮች ዘንድ ናሽ፣ በሀድሰን ሻጮች ዘንድ ሀድሰን ትባል ጀመር። የሚለየው አርማዋ ብቻ ነው። በ1957 ሁለቱም ስሞች ከገበያ ሲወጡ ሜትሮፖሊታን በሚለው ስሟ ብቻ ቀጠለች፤ እስከ 1962 ድረስም ተሸጠች።

በአሜሪካና በካናዳ ወደ 95,000 ገደማ ተሽጧል። ለዲትሮይት ግዙፎች ይሄ ኢምንት ነው፤ ባሕር ተሻግራ ለመጣች ትንሽ መኪና ግን የሚናቅ አይደለም። ለምን ቆየች? እኔ የማየው አንድ ምክንያት አለ። መኪናዋን ያሰበው፣ የነደፈው፣ ያዘዘው፣ የሸጠውም ያው አንድ ወገን ነው። ስሙን ተውሶ የለጠፈ ሳይሆን ኃላፊነቱንም አብሮ የወሰደ። 1,200 ሲሲ ሞተሯ አነሰ ሲባል በ1956 ወደ 1,500 ሲሲ አደገ። የዕቃ መጫኛዋ ነገርማ ያስቃል፤ ከውጭ የሚከፈት ክዳን ስላልነበራት ሻንጣ ለማስገባት የኋላውን መቀመጫ ማጠፍ ግድ ነበር። በ1959 ክዳን ተሠራላት። አምስት ዓመት ፈጀ፣ እውነት ነው። ቢሆንም ሎንግብሪጅ ላለው ፋብሪካ «ይህን አስተካክሉ» የሚል፣ ገንዘቡም ስሙም የሚነካበት ባለቤት አሜሪካ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ክሪኬትና ኮልት፦ አንድ አባት፣ ሁለት ዕጣ

አሁን ወደ 1970 እንለፍ። የጀርመኑ ቮልስዋገን አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ500,000 በላይ መኪና መሸጥ ችሏል። ጂኤም ቬጋን፣ ፎርድ ፒንቶን ይዘው መልስ ሊሰጡ ብቅ አሉ። ሦስተኛው ግዙፍ ክራይስለር ግን ባዶ እጁን ነበር፤ የራሱ ትንሽ መኪና የለውም።

ባዶ እጁን ነበር ስል ግን አገር ቤት ማለቴ ነው። ውጭ አገር ዘመዶች ነበሩት። አንደኛው ከ1964 ጀምሮ ድርሻ የገዛበትና በ1967 ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረው የእንግሊዙ ሩትስ ነው። ሁለተኛው በ1971 የ15 በመቶ ድርሻ የገዛበት የጃፓኑ ሚትሱቢሺ። ክራይስለር ከሁለቱም አንዳንድ መኪና ወሰደ። የሩትስ ልጅ የሆነችው ሂልማን አቬንጀር ኮቨንትሪ አጠገብ ካለው የራይተን ፋብሪካ ወጥታ «ፕሊመዝ ክሪኬት» ተባለች። የሚትሱቢሺዋ ጋላንት ደግሞ «ዶጅ ኮልት» ሆነች። ፕሊመዝም ዶጅም የክራይስለር ስሞች ናቸው። እንግዲህ ኩባንያው አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ ዘዴውም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ፈተና ለተመራማሪ እንኳ በቀላሉ አይገኝም።

ውጤቱስ? ክሪኬት በ1973 ከአሜሪካ ገበያ ወጣች። ኮልት ግን ትውልዷ እየተቀየረ እስከ 1994 ድረስ ተሸጠች። አንዷ ሦስት ዓመት ሳትሞላ፣ ሌላዋ ከሃያ ዓመት በላይ።

ለክሪኬት ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሰበብ የገንዘብ ምንዛሪ ነው። በ1971 መጨረሻ ዶላር ስለወረደ ከውጭ የሚመጣ መኪና ተወደደ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በዚያው ስምምነት ፓውንድ ከ2.40 ዶላር ወደ 2.60 ገደማ ሲያድግ፣ አንድ ዶላር ደግሞ ከ360 የን ወደ 308 የን ወረደ። ስታሰሉት የጃፓኑ ገንዘብ ከእንግሊዙ የበለጠ ተወዷል። ምንዛሪ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ቀድማ መሞት የነበረባት ኮልት ነበረች።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው። የእንግሊዝ የመኪና ፋብሪካዎች በዚያን ጊዜ በአድማ እየታመሱ ስለነበር መኪናው በሰዓቱ አይደርስም፤ የደረሰውም በጥራት ይታማል። ሩትስ ራሱ ገንዘብ የሚያፈስ ድርጅት ሆኖ ነበር። ፕሊመዝ ሻጮች ዘንድ ደግሞ ትልቅ መኪና ሸጦ ትልቅ ትርፍ ማግኘት የለመደ ሰው ለአንዲት ትንሽ እንግዳ መኪና ብሎ መለዋወጫ የሚያከማችበት፣ መካኒክ የሚያሠለጥንበት ምክንያት አልነበረውም። ሚትሱቢሺ ግን አሜሪካን የሚያየው እንደ ነገው ቤቱ ነው። አርማው የዶጅ ቢሆንም ኮልት ብትበላሽ የሚነካው የራሱ ተስፋ ነው። በኋላ በራሱ ስም ወደ አሜሪካ መምጣቱን ስታዩ ይህ ይበልጥ ይገባችኋል።

ክራይስለር የአውሮፓ ድርጅቶቹን በ1978 ለፈረንሳዩ ፔጆ ሸጠ። ዕዳቸውም ከነሸክሙ አብሮ ተላለፈ። ክሪኬት የተወለደችበት የራይተን ፋብሪካም በ2006 ተዘጋ።

ካናዳ፦ 4,600 ገዢ፣ አንድ ክስ

ይህ ሁሉ የኩባንያዎች ኪሳራ ነው። የገዢውስ? እሱን ለማየት ወደ ካናዳ መሻገር ያስፈልጋል።

ጂኤም የእንግሊዙን ቮክሶል ከ1925 ጀምሮ በባለቤትነት ይዞ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፖንቲያክ ሻጮች ቮክሶልን በስሙ ሸጠውታል። ካናዳ ውስጥ ግን የቮክሶል መኪኖች «ኢንቮይ» የሚል ሌላ ስም ተለጥፎላቸውም ይሸጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቮክሶል ቪቫ የተባለችው መኪና ካናዳ ውስጥ «ፊሬንዛ» ተብላ በፖንቲያክና ቢዊክ ሻጮች በኩል ገበያ ወጣች። ስሟ ሲጠሩት ጣሊያንኛ ይመስላል፣ ሥሪቷ እንግሊዝ፣ ሻጯ የአሜሪካው ጂኤም የካናዳ ቅርንጫፍ። ማስታወቂያው ጠንካራና አስተማማኝ ናት ይል ነበር።

ገዢዎቹ ግን ሌላ ነገር አገኙ። መኪናዋ ቶሎ ቶሎ ትበላሻለች፤ ስሟ ሲጠፋ ደግሞ የሁለተኛ እጅ ዋጋዋ አብሮ ተሰበረ። ጥቂት ባለመኪናዎች ተሰባስበው ጂኤም ካናዳን ኦንታሪዮ ውስጥ ከሰሱ። የከሰሱት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የ1971 እና የ1972 ሞዴል አዲስ ፊሬንዛ በገዙ ወደ 4,600 በሚጠጉ ሰዎች ስም ነው። የጠየቁት ለአንድ ሰው 1,000 ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ ሂሳቡን አስቡት። ለ1,000 ዶላር ብሎ ብቻውን ከግዙፍ ኩባንያ ጋር የሚሟገት ሰው የለም፤ ጠበቃው ራሱ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። መፍትሔው ተሰባስቦ መክሰስ ነው። ክሱ ፍርድ ቤት ከፍርድ ቤት ሲንከባለል አሥር ዓመት ፈጀ። በ1983 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ፤ የኦንታሪዮ የሥነ ሥርዓት ደንብ እንዲህ ያለውን ውስብስብ የጋራ ክስ ለማስተናገድ አይበቃም አለ። ልብ በሉ፣ መኪናዋ ጥሩ ናት አላለም። ማስታወቂያው እውነት ነው አላለም። እዚያ ጥያቄ ላይ ሳይደረስ በሩ ተዘጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው፣ ያ ሁሉ የተከበረ ስም ለገዢው አልደረሰለትም።

ደግነቱ ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሕጉ ክፍተት እንዳለበት በገሃድ ስለታየ ኦንታሪዮ በ1992 የጋራ ክስን የሚፈቅድ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። የፊሬንዛ ባለቤቶች አልተጠቀሙበትም፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ተጠቀሙ። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ የሚቆጨኝ ነገር አለ። መኪናዋን ዛሬ የሚያስታውሳት ሰው ጥቂት ነው፤ ሰዎቹ ያጡት አሥር ዓመት ግን በሕግ ትምህርት ቤት እስካሁን ይነበባል።

ስም ቢቀየርስ?

«እሺ፣ የድሮ ስም ካልሠራ አዲስ ስም እናውጣ» ያሉም ነበሩ። እንግሊዞች በ1987 ሮቨር 800ን ወደ አሜሪካ ሲያመጡ ሮቨር የሚለው ስም እዚያ በብልሽት ስለሚታማ «ስተርሊንግ» ብለው ጠሩት። የአሜሪካ ኩባንያ ስም ባይሆንም ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሰፋ ስም ነው። መኪናው ከጃፓኑ ሆንዳ ጋር በጋራ የተነደፈ፣ የሆንዳ ሞተር የተገጠመለት ነበር። እህቱ የሆነችው አኩራ ሌጀንድ ጃፓን ትሠራለች፤ ስተርሊንግ ኦክስፎርድ አጠገብ ካውሊ ውስጥ። አኩራ በደንበኞች እርካታ ጥናት ላይ አንደኛ ሲባል፣ ስተርሊንግ በኤሌክትሪክ ብልሽቱና በቀለሙ ከታች ከሚሰለፉት ሆነ። በ1991 አሜሪካን ጥሎ ወጣ።

ሞተሩ ያው፣ ንድፉ የአንድ ቤት። የተለየው የሠራው እጅና ስህተቱን ተከታትሎ የሚያርመው ሰው ነው። አዲስ ስም የድሮ ሐሜትን ይሸፍናል፤ የሽቦ ግንኙነትን ግን አይጠግንም።

ዛሬ ደግሞ ክቡ ዞሯል

ይህን ሁሉ የድሮ ወሬ ዛሬ ለምን አነሳኸው እንዳትሉኝ። ዘንድሮ ዓለም የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ይሄው ነውና።

በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ከአንድ ወር በኋላ ብሪታንያ ለብቻዋ ተደራድራ በዓመት እስከ 100,000 መኪና በ10 በመቶ ቀረጥ እንዲገባላት ተስማማች። ጉምሩክ ሲሰላ ታዲያ የሚታየው አርማው አይደለም፤ የተሠራበት አገር ነው። ቢዊክ ከአሜሪካ አንጋፋ ስሞች አንዱ ነው፤ ቢዊክ ኢንቪዥን የተባለው ሞዴል ግን ከ2016 ጀምሮ ቻይና ውስጥ እየተሠራ አሜሪካ ገብቷል። ቀረጥ ሰብሳቢው ፊት ቢዊክነቱ ምንም አይፈይድለትም። አሜሪካ በጥር 2025 ባጸደቀችው ሌላ ደንብ ደግሞ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ መኪኖች ከቻይና ጋር የተሳሰረ ሶፍትዌር እንዳይኖራቸው ይከለከላል። እዚያም ላይ ጥያቄው «ስሙ ማን ነው» ሳይሆን «ከጀርባው ያለው ማን ነው» ሆኗል። መንግሥታት አርማ ማየት ትተዋል ማለት ነው። አርማ እያየን የቀረነው ገዢዎች ነን።

የእንግሊዞቹን ደግሞ ስሙ። ሜትሮፖሊታን የተሠራችበት የሎንግብሪጅ ፋብሪካ በኋለኛው ዘመን የዝነኛው ኤምጂ ቤት ነበር። ኤምጂ ዛሬ የቻይናው ሳይክ ንብረት ነው፤ ሎንግብሪጅ ውስጥ ይደረግ የነበረው መገጣጠምም በ2016 ቆመ። ስለዚህ ዛሬ የበርሚንግሃም ሰው ከሰፈሩ ሻጭ ኤምጂ ሲገዛ በእንግሊዝ ስም ቻይና የተሠራ መኪና እየገዛ ነው። አያቶቹ ለአሜሪካኖች ያደረጉትን ዛሬ ቻይኖች ለእሱ እያደረጉለት ነው።

ሌላም አለ። ቮክሶልን ጂኤም በ2017 ለፔጆ ባለቤት ሸጠው። የፔጆ ባለቤት በ2021 ከፊያትና ከክራይስለር ጋር ተዋህዶ ስቴላንቲስ ሆነ። ስለዚህ ክራይስለር፣ ዶጅ፣ ጂፕ፣ ቮክሶልና ፔጆ ዛሬ አንድ ቤት ናቸው። ያ ቤት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ «ጂፕ አቬንጀር» የሚባል መኪና ይሸጣል። ስሙ አሜሪካዊ ነው፤ መኪናው ፖላንድ ይሠራል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አይሸጥም። ለክሪኬት ሲባል የተፋቀው አቬንጀር የሚለው ስም ዛሬ በአሜሪካ አርማ ሥር ይገኛል።

ወደ ሹፌሩ ጥያቄ ስንመለስ

እኛም አርማ መቀየርን የማናውቀው ሰዎች አይደለንም። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ ይገጣጥማት የነበረችው «አባይ» የቻይናዋ ሊፋን 520 ነበረች። በኪሳችሁ ያለው ስልክስ? የጎግል ስም የነበራቸውን የኔክሰስ ስልኮች የሠሩት እንደ ሞዴሉ ኤችቲሲ፣ ኤልጂ፣ ሁዋዌና ሌሎችም ናቸው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሦስት ስም ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን ትራንሽን የሚባል አንድ ኩባንያ ነው። «ቴክኖ ይሻላል ወይስ ኢንፊኒክስ» ብላችሁ ስትከራከሩ አንድ አባት ሁለቱን ልጆቹን አወዳድሩልኝ ያላችሁ ያህል ነው።

ይህ በራሱ ስድብ አይደለም። ኔክሰስ የተወደደው ማንም ይሥራው ማን ሶፍትዌሩን የማደሱን ኃላፊነት ጎግል ስለወሰደ ነው። ልክ እንደ ናሽና ሜትሮፖሊታን። ቻይና የተሠራ መኪናም ቻይና ስለተሠራ ብቻ መጥፎ አይሆንም፤ ኮልትም ጃፓን ስለተሠራች ብቻ የናቋት ነበሩ። እኔ የምፈራው ባለቤት የሌለውን አርማ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ብዙዎቹ ቻይና የተሠሩ ናቸው፤ የአውሮፓና የጃፓን ስም የለጠፉትም ጭምር። አንዳንዱ በወኪል በኩል ይመጣል፤ አንዳንዱን ነጋዴ በራሱ መንገድ ያስመጣዋል። ቤተሰብ ተሰባስቦ፣ ዕቁብ ወጥቶ፣ ብድር ተጨምሮበት ለሚገዛ መኪና በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአርማው ይበልጣል።

ስለዚህ ለራሳችሁም ሆነ ለአባታችሁ ወይም ለወንድማችሁ መኪና ስታዩ መጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር እዩ። የመጀመሪያዋ ምልክት በአብዛኛው የአገሩን ነገር ትነግራችኋለች፦ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ ጄ ጃፓን፣ ኬ ኮሪያ፣ ኤል ቻይና፣ ደብልዩ ጀርመን፤ ኤስን ብሪታንያ ከሌሎች ጥቂት አገሮች ጋር ትጋራታለች። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ከዚህም ይቀልላችኋል፤ እዚያ በ1992 የወጣ ሕግ አዲስ መኪና ሲሸጥ የት እንደተገጣጠመና ምን ያህሉ የአሜሪካና የካናዳ ዕቃ እንደሆነ መስታወቱ ላይ ተጽፎ እንዲለጠፍ ያስገድዳል። አንብቡት።

ቀጥሎ ሻጩን ጠይቁት። ዋስትናውን የፈረመው ማን ነው፣ አምራቹ ወይስ አስመጪው? አምራቹ ከሆነ እዚህ አገር ሲሠራ ያውቀዋል? ባትሪው ቢደክም፣ ስክሪኑ ቢጠፋ፣ ሶፍትዌሩ መታደስ ቢፈልግ የሚሠራው የትኛው ጋራዥ ነው? አድራሻውን ይንገራችሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት። መልሱን ደግሞ በወረቀት አስጽፉ፤ የፊሬንዛ ገዢዎች በእጃቸው የነበረው በአብዛኛው የማስታወቂያ ቃል ነበር።

ሻጩ «ስሙን እያየኸው፣ ምን ትጠይቃለህ?» ካላችሁ መልሱን ነግሯችኋል።

ያ ሹፌር ፒያሳ ሲያወርደኝ የስልክ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ነበር። ትናንት ማታ ደወለ። ሻጩን ሄዶ ዋስትናውን ጠይቆ እንደነበር ነገረኝ። «ምን አለህ?» አልኩት።

«አርማውን አሳየኝ» አለኝ።